ስለ አቦርጂናል ቋንቋ በውክፔዲያ ጥሩ ገጽ እንዴት ይጻፋል? ከዋልፒሪ ተነሥተን፣ ደረጃ በደረጃ

እንግሊዞች በ1788 ሲድኒ ላይ መስፈር ሲጀምሩ በአውስትራሊያ ምድር ከ250 በላይ የነባር ሕዝቦች (አብዛኞቹ የአቦርጂናል) ቋንቋዎች ይነገሩ ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዘዬዎቹ ሲጨመሩ ቁጥሩ 800 ገደማ ይደርሳል። በ2020 የወጣው የአገሪቱ የነባር ቋንቋዎች ሪፖርት ዛሬም የሚነገሩትንና እንደገና እንዲያንሰራሩ እየተሠራባቸው ያሉትን 123 ናቸው ይላል። ልጆች ከቤት እየሰሙ የሚያድጉባቸው፣ ጠንካራ የሚባሉት ነባር ቋንቋዎች ግን 12 ብቻ ናቸው።

ስለነዚህ ቋንቋዎች በአማርኛ የሚነበብ ነገር እጅግ ጥቂት ነው። እንግሊዝኛና አማርኛ አሳምሮ የሚያነብ ሰው ክፍተቱን መሙላት ይችላል፤ ስልክና ትዕግሥት ይበቃዋል። ችግሩ ብዙዎቻችን የእንግሊዝኛውን ገጽ ከፍተን እንዳለ ወደ አማርኛ መገልበጣችን ነው። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ስለ አቦርጂናል ቋንቋዎች በርካታ ገጾች አሉት፤ አንዳንዶቹ በጣም ጥሩ ናቸው። ሌሎቹ ግን ከድሮ መጻሕፍት ተቃርመው በበጎ ፈቃደኞች የተሠሩ ናቸው። ዓመተ ምሕረት የሌለው ቁጥር፣ ጎረቤት ያወጣው ስም፣ «ሞቷል» የሚል የችኮላ ፍርድ ይገኝባቸዋል። ገጹን ስንተረጉም ያንንም አብረን እናመጣለን። ስለዚህ ይህ መመሪያ የቋንቋው ባለቤቶች ቢነበብላቸው «አዎ፣ ይህ የእኛ ነው» የሚሉትን ገጽ እንዴት እንደምንጽፍ ያሳያል። ምሳሌዬ በማዕከላዊ አውስትራሊያ፣ በታናሚ በረሃና በአካባቢው የሚነገረው ዋልፒሪ ነው።

1ኛ፦ ቋንቋ ምረጡ፣ ከዚያ የእንግሊዝኛውን ገጽ ከነጀርባው አንብቡ

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጽፉ ከሆነ ብዙ የተጠና፣ ተናጋሪዎቹም ያሉ ቋንቋ ምረጡ። ዋልፒሪን የመረጥኩት ለዚህ ነው። አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ኬን ሄል በ1959 እና በ1960 አካባቢ ማጥናት ከጀመረ ወዲህ ብዙ ተጽፎበታል። ትልቁ ባለ ብዙ ማብራሪያ መዝገበ ቃላቱ በ2022 ታትሟል፤ ከአዘጋጆቹ መካከል ዋልፒሪዎች ራሳቸው አሉበት።

የእንግሊዝኛውን ገጽ ስትከፍቱ ጽሑፉን ብቻ አታንብቡ። «ውይይት» የሚለውንና የለውጦቹን ታሪክ የሚያሳየውን ክፍልም ተመልከቱ። ገጹ ስሙን ለምን እንደቀየረ፣ ቁጥሩን ማን እንዳስገባው፣ የትኛው ዓረፍተ ነገር ክርክር እንዳስነሣ እዚያ ይገኛል። ስለ ቋንቋውና ስለ ሕዝቡ የተጻፉት ገጾች ብዙውን ጊዜ የተለያዩ እንደሆኑም ልብ በሉ። የእናንተ ገጽ ስለ የትኛው እንደሆነ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይታወቅ።

2ኛ፦ ቋንቋ ነው፣ ዘዬ ነው ወይስ የወል ስም?

ይህን ሳይለዩ መጻፍ ትልቅ መዘዝ አለው። «የምዕራብ በረሃ ቋንቋ» የሚባለው ፒትጃንትጃትጃራን፣ ያንኩኒትጃትጃራን፣ ፒንቱፒንና ሌሎችንም የሚያቅፍ ሰፊ የዘዬዎች ሰንሰለት ነው። ተናጋሪዎቹ ግን እያንዳንዱን በየስሙ ይጠሩታል፤ ስሙም ማንነታቸው ነው። በሰሜን ምሥራቅ አርነም ላንድ «ዮልንጉ ማታ» የሚባለውም እንዲሁ የብዙ ንግግሮች የወል መጠሪያ ነው። ስለዚህ አንዱ መዝገብ አንድ ቋንቋ ያለውን ሌላው አስር ሊያደርገው ይችላል።

መፍትሔው ቢያንስ ሦስት መዝገቦችን ጎን ለጎን ማየት ነው። የመጀመሪያው ኦስትላንግ ይባላል። የሚያስተዳድረው በ1964 የተመሠረተው፣ መቀመጫው ካንቤራ የሆነው የአውስትራሊያ የአቦርጂናልና የቶረስ ሰርጥ ደሴቶች ጥናት ተቋም ነው። እዚያ እያንዳንዱ ቋንቋ መለያ አለው፤ የዋልፒሪ «ሲ 15» ነው። ሁለተኛው ግሎቶሎግ፣ ሦስተኛው ኤትኖሎግ ነው። ሦስቱ ከተስማሙ ሥራችሁ ቀላል ነው። ካልተስማሙ አለመስማማታቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት እንጂ አንዱን መርጣችሁ ሌላውን አትደብቁ።

ተቋሙ ያወጣው በቀለም የተከፋፈለ ካርታም አለ፤ ኢንተርኔት ላይ በሰፊው ይዘዋወራል። ካርታው ራሱ ድንበሮቹ ቁርጥ ያሉ እንዳልሆኑና ለመሬት ይዞታ ጥያቄ ማስረጃ እንደማይሆን ያስጠነቅቃል። ከካርታው ተነሥታችሁ «የቋንቋው ድንበር ከዚህ እስከዚህ ነው» ብላችሁ አትጻፉ። ሰው የሚኖርባቸውን ከተሞችና መንደሮች በስም መጥቀስ ይሻላል። ለዋልፒሪ ዩንዱሙ፣ ላጃማኑ፣ ኒሪፒና ዊሎውራ ዋናዎቹ ናቸው።

የስም ጉዳይ ደግሞ ለመረዳት ሊከብደን አይገባም። ቤተ እስራኤል በድሮ መጻሕፍት በማን ስም ይጠሩ እንደነበር፣ ስሙም ምን ያህል ያቆስላቸው እንደነበር እናውቃለን። በአውስትራሊያም በጎረቤት ወይም በሰፋሪ የወጡ፣ ሕዝቡ የማይወዳቸው ስሞች በየመዝገቡ ቀርተዋል። የገጹ ርዕስ ባለቤቶቹ ዛሬ የሚጠቀሙበት ስም ይሁን። የድሮ አጻጻፎችን አንባቢ ፈልጎ እንዲያገኛችሁ በጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜ ጥቀሷቸው። የሚያዋርድ ስም ካለ ግን የሚያዋርድ መሆኑን ሳትናገሩ አትለፉ።

3ኛ፦ ቁጥርን ያለ ዓመትና ያለ ምንጭ አትጻፉ

ለተናጋሪዎች ቁጥር አብዛኛው ገጽ የሚጠቅሰው የአውስትራሊያ ስታቲስቲክስ ቢሮ በየ5 ዓመቱ የሚያካሂደውን የሕዝብ ቆጠራ ነው። ቆጠራው የሚጠይቀው ሰውዬው «በቤቱ» ከእንግሊዝኛ ሌላ የሚጠቀምበት ቋንቋ እንዳለ ነው። የሚመዘገበውም አንድ ቋንቋ ብቻ ነው። በማዕከላዊ አውስትራሊያ ደግሞ ሦስትና አራት ቋንቋ የሚናገር ሰው ብርቅ አይደለም። እናቱ ዋልፒሪ፣ አባቱ ፒንቱፒ የሆነ ሰው አንዱን ብቻ ጽፎ ያልፋል። ቅጹን የሚሞላው ሰው የቋንቋውን ስም በሰፊው የጻፈው እንደሆነም ቁጥሩ ወደ ወል ስሙ ይሄዳል።

ስለዚህ «ዋልፒሪን 3,000 ሰዎች ይናገሩታል» ብሎ ማቆም ደካማ ዓረፍተ ነገር ነው። እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦ «በ2021 የሕዝብ ቆጠራ ከ2,000 በላይ ሰዎች በቤታቸው ዋልፒሪ እንደሚናገሩ ገልጸዋል። ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆኑትን ጨምሮ የቋንቋ ምሁራን ግምት 3,000 ገደማ ይደርሳል።» ረዝሟል፤ ግን አንባቢው ምን እንደተቆጠረ ያውቃል። ትክክለኛውን አኃዝ ከቢሮው ሠንጠረዥ ራሳችሁ አውጡና ምንጩን አስቀምጡ።

4ኛ፦ «ሞቷል» ከማለታችሁ በፊት

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የብዙ ገጽ ትልቁ ጥፋት እዚህ ነው።

በደቡብ አውስትራሊያ የአደሌድ ከተማ አካባቢ ሜዳ ቋንቋ የሆነውን ካውናን እንውሰድ። በ1838 ወደ አደሌድ የመጡት የጀርመን ሉተራን ሚስዮናውያን ታይሽልማንና ሹርማን ቋንቋውን ተማሩ፣ በቋንቋው የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ በ1840 ሰዋስውና ወደ 2,000 የሚጠጉ ቃላት ያሉት መጽሐፍ አሳተሙ። ትምህርት ቤቱ ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። በ1929 ኢቫሪቲ የተባለችው አዛውንት ስታርፍ ቋንቋው ከእሷ ጋር አበቃ ተባለ፤ መዝገቦችም እንዲሁ ጻፉት። ዘሮቹ ግን አልጠፉም ነበር። ከ1990 ጀምሮ የካውና ቤተሰቦች ከቋንቋ ምሁሩ ሮብ ኤመሪ ጋር ሆነው ከዚያ የ1840 መጽሐፍ ተነሥተው መዝሙር ሠሩ፣ ማስተማር ጀመሩ። በ2002 ቋንቋውን የሚመራ የራሳቸውን ኮሚቴ አቋቋሙ። ዛሬ በአደሌድ በሕዝብ ስብሰባ መክፈቻ ላይ በካውና ንግግር ይደረጋል፤ መናፈሻዎችም በካውና ስም ይጠራሉ።

እንግዲህ ገጹ «ካውና በ1929 የሞተ ቋንቋ ነው» ቢል፣ ቋንቋውን ዛሬ እየተማረ ያለ ልጅ ምን ይሰማዋል? ብዙ የአቦርጂናል ማኅበረሰቦች «ያንቀላፋ» ማለትን ይመርጣሉ። በገጹ ላይ የሆነውን በቅደም ተከተል ጻፉት፦ በዕለት ተዕለት ንግግር መነገሩ መቼ አካባቢ እንደተቋረጠ፣ ምን ተመዝግቦ እንደቀረ፣ ማንሰራራቱን ማን መቼ እንደጀመረ። በገጹ ጎን በሚቀመጠው የመረጃ ሳጥን ውስጥ «የጠፋ» የሚል ቃል ብቻውን ቆሞ አይታይ።

«የመጨረሻው ተናጋሪ» የሚለውንም እንዲሁ ተጠራጠሩት። ትሩጋኒኒ የተባለችው ሴት በ1876 ስታርፍ የአውስትራሊያዋ ደሴት የታዝማኒያ ነባር ሕዝብ ከምድር ጠፋ ተብሎ ለአንድ መቶ ዓመት ያህል በመጻሕፍት ተደጋገመ። በዚያው ዘመን ግን ሌላዋ የታዝማኒያ አቦርጂናል ሴት ፋኒ ኮክሬን ስሚዝ በሕይወት ነበረች። በ1899 እና በ1903 ዘፈኖቿ በሰም ሲሊንደር ተቀድተዋል። ከታዝማኒያ ቋንቋዎች በድምፅ የቀረልን እሱ ብቻ ነው። የታዝማኒያ አቦርጂናል ሕዝብም ዛሬ በሺዎች ይቆጠራል። ያ አንድ የስንፍና ዓረፍተ ነገር ሕዝቡን «የላችሁም» ሲለው ኖሯል።

5ኛ፦ በፊደላችን እንዴት እንጻፈው?

ይህን ከእንግሊዝኛው ገጽ መቅዳት አይቻልም፤ የእኛው ሥራ ነው። ደስ የሚለው ነገር ፊደላችን ለዚህ ከላቲኑ የሚመችበት ቦታ መኖሩ ነው። ዋልፒሪ በሁለት የላቲን ፊደላት የሚጽፈውን ድምፅ እኛ በ«ኝ» ብቻ እንጽፈዋለን። አናባቢዎቹ «ኢ»፣ «ኣ» እና «ኡ» ሦስት ብቻ ስለሆኑ (አጭርና ረጅም አላቸው) በካዕብ፣ በሣልስና በራብዕ ሥራችን ያልቃል።

የሚያስቸግሩት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው በቃል መጀመሪያ ላይ ሳይቀር የሚመጣው፣ «ንግ» ስንል ከ«ግ» በፊት በአፍንጫ የሚወጣው ድምፅ ነው። በኤርትራ የሚነገረው ብሊን በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ለዚህ ድምፅ የሚያገለግለው የ«ጘ» ቤት ነው፤ በዩኒኮድም አለ። እኔ በምሳሌ ዓረፍተ ነገሮች ላይ እሱን እጠቀማለሁ። በርዕስና በተራው ጽሑፍ ላይ ግን ብዙ ሰው ስልኩ ላይ ስለማያገኘው «ንግ» ይሻላል። ሁለተኛው ምላስ ወደ ኋላ ተጠቅልሎ የሚወጣው የ«ት»፣ የ«ን» እና የ«ል» ዓይነት ነው። በላቲን ከፊቱ «ር» ተጨምሮ ይጻፋል፤ ይሁን እንጂ አንድ ድምፅ ነው። «ዋርልፒሪ» ብለን ብንጽፍ አንባቢያችን «ር» እና «ል»ን ለየብቻ ይላቸዋል። ስለዚህ ርዕሱን «ዋልፒሪ» አድርጉና «ዋርልፒሪ» ብሎ የሚፈልግን ወደዚያ የሚያዞር ገጽ ሥሩ። ሦስተኛው «ፕ» ወይስ «ብ»፣ «ክ» ወይስ «ግ» የሚለው ነው። ዋልፒሪ እነዚህን አይለይም፤ በጆሯችን አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ እንሰማቸዋለን። ማኅበረሰቡ ራሱ በጽሑፉ የሚጠቀምበትን ፊደል ተከተሉ፣ እሱም «ፕ» እና «ክ» ነው።

የመረጣችሁትን አጻጻፍ በገጹ ላይ «የድምፅ ሥርዓት» በሚል ክፍል ሥር በአጭሩ አስረዱ። ቀጥሎ የሚመጣው ጸሐፊ በሌላ መንገድ እንዳይጀምር ይረዳዋል።

6ኛ፦ ሰዋስውን በአማርኛ ዓይን አስረዱ

ኬን ሄል በ1983 ባሳተመው ጥናት ታዋቂ ያደረገው ዓረፍተ ነገር አለ፦

ጛርካጝኩ ካ ዋዊሪ ፓንቲኒ።

ትርጉሙ «ሰውየው ካንጋሮውን በጦር እየወጋ ነው» ማለት ነው። አሁን ቦታ እንቀያይር፦ «ዋዊሪ ካ ፓንቲኒ ጛርካጝኩ»፣ «ፓንቲኒ ካ ጛርካጝኩ ዋዊሪ»። ሁሉም ትክክል ናቸው፤ ትርጉሙም አይለወጥም። ከቦታው የማይነቃነቀው ሁለተኛ ላይ የተቀመጠው «ካ» ነው፤ ድርጊቱ አሁን እየሆነ መሆኑን ይናገራል። የእንግሊዝኛው ገጽ ይህን ለማስረዳት ብዙ ይደክማል፤ የእንግሊዝኛ አንባቢ ማን ማንን እንደወጋ የሚያውቀው በቃላት ቅደም ተከተል ነውና። የአማርኛ አንባቢ ግን «ካንጋሮውን ሰውየው ወጋው» ሲባል አይደናገርም፣ ተሳቢው ላይ «ን» አለ። ልዩነቱ ዋልፒሪ ምልክቱን የሚያኖረው አድራጊው ላይ መሆኑ ነው፤ «ጝኩ» የተቀጠለው ሰውየው ላይ እንጂ ካንጋሮው ላይ አይደለም። ተሳቢ የሌለው ድርጊት ሲነገር፣ ለምሳሌ «ሰውየው ተኛ» ሲባል ምልክቱ አይመጣም። ለአማርኛ አንባቢ እንዲህ ተደርጎ ቢጻፍ ገጹ ከእንግሊዝኛው ይበልጥ ይገባዋል።

ቃላት ስትመርጡ ግን ተጠንቀቁ። «ጥንታዊና ቀላል ቋንቋ» የሚለው አባባል በምንም መንገድ አይግባ። ቀላልም አይደለም፤ ጥንታዊም ከተባለ አማርኛ ከሚባለው በላይ አይደለም። ዛሬ የሚነገር፣ የሚለወጥ ቋንቋ ነው። በላጃማኑ ከዋልፒሪ፣ ከእንግሊዝኛና ክሪዮል ከሚባለው ከእንግሊዝኛ ከወጣ የነባር ሕዝቦች ቋንቋ ተዋህዶ የወጣና «ቀላል ዋልፒሪ» የሚል ስም የተሰጠው የወጣቶች ቋንቋ አለ። ያጠናችው ምሁር ካርመል ኦሻኔሲ ናት። ስሙ እዚህ ላይ ስያሜ ብቻ ነው፣ የጥራት መለኪያ አይደለም።

ከሰዋስው በተጨማሪ ሕዝቡ በቋንቋው የሚኖርበትን ንገሩ። ዋልፒሪዎች በስምንት የዝምድና ክፍሎች ይመደባሉ። የወንዶቹ መጠሪያ በ«ጅ»፣ የሴቶቹ በ«ን» ይጀምራል፦ ወንድሙ ጃፓልጃሪ ከሆነ እህቱ ናፓልጃሪ ናት። ጋዜጦች ላይ እንደ አባት ስም ሆኖ ስታዩት ይህ መሆኑን ዕወቁ። የሐዘን ላይ ሴቶች ንግግር ሲያቆሙ የሚግባቡበት የዳበረ የእጅ ምልክት ቋንቋም አላቸው። የዩንዱሙ ትምህርት ቤት ከ1974 ጀምሮ በሁለት ቋንቋ ሲያስተምር ቆይቷል። በ2008 የሰሜን ቴሪቶሪ መንግሥት የቀኑ የመጀመሪያ አራት ሰዓት ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሁን ብሎ በማወጁ ብርቱ ክርክር ተነሥቷል። ይህ ሁሉ የቋንቋው ታሪክ ነው፤ የድምፅ ሠንጠረዥ ብቻ ያለው ገጽ ግማሽ ገጽ ነው።

7ኛ፦ የማይጻፈውንም ዕወቁ

በብዙ የአቦርጂናል ማኅበረሰቦች የሞተ ሰው ስም ለተወሰነ ጊዜ አይጠራም። ዋልፒሪዎች በስሙ ፋንታ «ኩማንጃዪ» ይላሉ። ለዚህ ነው በአውስትራሊያ የቴሌቪዥን ፕሮግራሞችና ድረ ገጾች መጀመሪያ ላይ የሞቱ ሰዎች ስምና ምስል ሊኖር ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ የምታዩት። ለቋንቋ ገጽ የግለሰብ ፎቶ እምብዛም አያስፈልግም። የመልክዓ ምድር ወይም የመንገድ ምልክት ፎቶ ይበቃል። የሥርዓተ አምልኮ ምስጢር የሆኑ፣ ለወንዶች ብቻ ወይም ለሴቶች ብቻ የሚነገሩ ነገሮች በድሮ የአንትሮፖሎጂ መጻሕፍት ታትመው ይገኛሉ። መታተማቸው ፈቃድ አይደለም፤ ተዉአቸው።

ከባዱ ጉዳይ ፓላዋ ካኒ ነው። በታዝማኒያ ይነገሩ ከነበሩ ቋንቋዎች ቅሪት ተሰብስቦ እንደገና የተገነባ ቋንቋ ነው። የታዝማኒያ አቦርጂናል ማዕከል በ2012 ቋንቋው የሕዝቡ ንብረት ነው ብሎ ውክፔዲያ ገጹን እንዲያነሣ ጠየቀ። ውክፔዲያን የሚያስተዳድረው ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ቋንቋ የማንም የቅጂ መብት ሊሆን አይችልም ብሎ እምቢ አለ፤ ገጹም ሳይነሣ ቀረ። በሕግ በኩል ፋውንዴሽኑ ትክክል ይመስለኛል። ነገር ግን አንድ ሕዝብ ቋንቋው፣ ልጆቹና መሬቱ ተወስደውበት ሲያበቃ የሰበሰበውን ጥቂት ነገር «እኛ እስክንማረው ተዉልን» ቢል፣ ጥያቄውን ማክበር ለጸሐፊ ምንም አያጎድልበትም። እኔ ብጽፍ ቋንቋው እንዴት እንደተገነባና ክርክሩን አስረዳለሁ፣ የቃላት ዝርዝሩን ግን አልደረድርም።

8ኛ፦ ገጹን መሥራት

መጀመሪያ በአባል ገጻችሁ ሥር የሙከራ ገጽ ከፍታችሁ ጻፉ። የማሽን ትርጉም ረቂቅ ከተጠቀማችሁ አንድም ዓረፍተ ነገር እንዳለ አትተዉ፤ የቋንቋ ጥናት ቃላትን ያበላሻቸዋል። የቋንቋ መረጃ ሳጥን ለመጨመር መለጠፊያው በአማርኛው ውክፔዲያ ላይ ሁሉንም መስመር ላይቀበል ይችላል። ካልሠራ መረጃውን በመግቢያው አንቀጽ ጻፉት። እያንዳንዱ ቁጥር ከጎኑ ምንጭ ይኑረው። ገጹን በመደብ አስቀምጡና በዊኪዳታ በኩል ከሌሎች ቋንቋዎች ገጾች ጋር አገናኙት። ይህን ካላደረጋችሁ ከሌላ ቋንቋ የሚመጣ አንባቢ አያገኘውም።

ከመጽሐፍ ሱቅ ውጭ የሚገኙ ነጻ ምንጮችም አሉ። በዳርዊን የቻርልስ ዳርዊን ዩኒቨርሲቲ ያሰባሰበው የአቦርጂናል ቋንቋዎች ሕያው ቤተ መዛግብት በሰሜን ቴሪቶሪ ትምህርት ቤቶች የተዘጋጁ የልጆች መጻሕፍትን ይዟል፤ በዋልፒሪም አለ። የሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ «50 ቃላት» የሚለው ሥራ ደግሞ ቃላቱን በተናጋሪዎቹ ድምፅ ያሰማል። ርዕሱን በፊደላችን ከመወሰናችሁ በፊት እዚያ ሄዳችሁ ስሙት። ሜልቦርን የምትኖሩ ደግሞ የፉትስክሬይ አካባቢ የኩሊን ሕዝቦች አገር ነው። ቀጣዩ ገጻችሁ የከተማችሁ የራሷ ቋንቋ የሆነው ዎይዉሩንግ ቢሆን መልካም ነው።

9ኛ፦ ከታተመ በኋላ

ገጹን በምትከታተሏቸው ገጾች ዝርዝር ውስጥ አስገቡት። አዲስ ቆጠራ በወጣ ቁጥር አኃዙን አድሱ፤ የድሮውን አታጥፉት፣ ከዓመቱ ጋር ከጎኑ ይቀመጥ። አጻጻፉን ወይም ስሙን በተመለከተ የማኅበረሰቡ ሰው አስተያየት ካመጣ ቅድሚያ ስጡት። የታተመ ምንጭ ጠይቃችሁ ከማባረር ይልቅ ምንጩን አብራችሁ ፈልጉ። ውክፔዲያ የታተመ ማስረጃ ይጠይቃል፤ አብዛኛው የአቦርጂናል ዕውቀት ደግሞ በቃል ያለ ነው። ሬዲዮ ጣቢያዎቻቸው፣ የቋንቋ ማዕከሎቻቸውና የመሬት ምክር ቤቶቻቸው የሚያወጧቸው ጽሑፎች ይህን ክፍተት ብዙ ጊዜ ይሞላሉ።

ስለ ቋንቋዎቹ በሌላ ቋንቋ መጻፍ እንዳለ ሆኖ፣ በራሳቸው ቋንቋ የሚጽፉም አሉ። በደቡብ ምዕራብ አውስትራሊያ ኑንጋሮች ከዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው «ኑንጋርፔዲያ» የሚባል ኢንሳይክሎፔዲያ፣ አዳዲስ ውክፔዲያዎች በሙከራ በሚጀመሩበት በዊኪሚዲያ ማቆያ ውስጥ ጀምረዋል። ስለ ኑንጋር ከጻፋችሁ ገጻችሁ ላይ ወደዚያ የሚወስድ ማያያዣ አስቀምጡ።